አሥራ ሁለት ግራም

ሰውየው ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪም አይደለም፤ ሐኪሙ የነቀለውን እሱ ይተካል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ሰም እያቀለጠና ድድ እየቀረጸ ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ፈገግታ ሲጠግን ኖሯል። የሠፈሩ ሰው «ጋሽ መንጋጋ» ይለዋል፤ ቅር አይለውም።

ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ቤቱ ውስጥ ባለ ቁልፍ የመስታወት ቁም ሳጥን አለ፤ በውስጡም ዘጠኝ አሮጌ ሪቮልቨር ሽጉጦች። ሁሉም ፈቃድ አላቸው። ጥይት የሚባል ነገር የቤቱን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሰውየው ርችት እንኳ የሚያስደነግጠው ፈሪ ነው። የሚወደው አተኳኮሱን ሳይሆን አሠራሩን፣ ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ብረቱ ዛሬም ሰማያዊ ሆኖ ማብረቁን ነው። እንግዳ ሲመጣ አንዱን በጨርቅ ይዞ ያወጣና፣ «እዩት እስቲ፣ እንዴት እንደተጠበቀ!» ይላል።

«እኔንስ እንዲህ በጨርቅ ይዘኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች ሚስቱ።

ከዘጠኙ አብልጦ የሚሳሳላት አንዷ ከሁሉም ታረጃለች። እንደ ዛሬዎቹ ጥይት አትጎርስም፤ ተሽከርካሪዋ ከበሮ ላይ ስድስት ቀዳዳዎች አሉ፣ ባሩድና የእርሳስ አረር በፊት በኩል ይጠቀጠቅባቸዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከአንድ ሟች ወራሾች ሲገዛት አምስቱ ቀዳዳዎች ንጹሕ ነበሩ። ስድስተኛው በደረቀ አሮጌ ቅባት እስከ አፉ ሞልቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ይፍቀው ነበር። እሱ ግን፣ «የጥንቱ ባለቤት እጁ ያረፈበት ቅባት ነው፣ አይነካም» ብሎ ተወው።

የሰዓት ሠሪው ጓደኛው መንትያዋ አለችው፤ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት የወጣች። ሁለቱ በየዓመቱ ሽጉጦቻቸውን ይመዝናሉ። በየዓመቱም የጥርስ ሠሪው በአሥራ ሁለት ግራም ትበልጣለች። «ያንተ ብረት ተበልቷል፣ የኔ ግን እንደተወለደች ናት» እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጓደኛውን ሲያበግነው ኖረ።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሰም እያቀለጠ ሳለ ሰዓት ሠሪው ደወለ።

«መንጋጋ፣ ዛሬ ጉድህ ወጣ!»

«ደግሞ ምን አገኘህ?»

«የአረር ማፍሰሻ ቅርጽ ገዛሁልህ፣ ለኔዋ ሽጉጥ የሚሆን። ለወጉ አንድ አፈሰስኩና መዘንኩት። የባሩዱንና ከላይ የሚደፈንበትን ቅባት ጨምሬ ሳሰላው ስንት ቢመጣ ጥሩ ነው? አሥራ ሁለት ግራም! ያ ሁሉ ጉራህ…» ይስቅ ነበር። ሳቁ መሃል ላይ ቀጥ አለ። «ስማኝማ። ያ ቅባት የሞላው ቀዳዳ… ከሥሩ ምን እንዳለ አይተህ ታውቃለህ?»

የቀለጠው ሰም የጥርስ ሠሪው ጣት ላይ ተንጠባጠበ፤ ማቃጠሉም አልተሰማውም። ሽጉጧ ቤት የለችም። አንዲት ብሎኗ ዝጋ አልፈታ ብላው፣ የእንጨት እጀታዋን አውልቆ ትናንት ለልጁ ባል ሰጥቷታል። የልጁ ባል በያጅ ነው። «ትንሽ እሳት ካሳየናት ትለቃለች አባባ፣ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ናት» ብሎት ነበር።

ደወለለት። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። በያጁ ሲሠራ ስልኩን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ትቶ ጃኬቱን ምስማር ላይ እንደሚሰቅል ያውቃል። ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ደረጃውን በሩጫ ወረደ።

መንገዱ የአሥር ደቂቃ ነው። ያን ቀን ግን አላልቅ አለው። አፉ ውስጥ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «አደራህን፣ አደራህን»። ልጁ ዓይኑ ላይ መጣችበት። ምን ብሎ ይነግራታል? ለቅባት ሳስቼ ነው ይበላት? ከብረታ ብረት መደብሩ ጥግ ሲደርስ «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማ፤ ግድግዳ ይዞ ቆመ። ከመኪና ላይ የወደቀ ቆርቆሮ ነበር። አውራጆቹ ይሳሳቃሉ።

ብየዳ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ሽጉጧ የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ ታስራለች። በያጁ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሏል፤ ሰማያዊው የጋዝ እሳት ብሎኗን ይልሳል። አፈሙዙ ወደ በሩ፣ ማለትም ወደ ጥርስ ሠሪው ደረት ዞሯል።

«አቁም! ልጄ፣ አቁም!»

ከጎረቤት የሚጮኸው የብረት መቁረጫ ድምፁን ዋጠው። ዞሮ መሸሽ ይችል ነበር፤ እግሩም ያን ፈልጎ ነበር። የጋዙ ሲሊንደር ግን ከበሩ ውስጥ፣ አፈሙዙ ፊት ለፊት ነው የቆመው። ዓይኑን ጨፍኖ ገባ። ቁልፉን በሁለት እጁ አዞረው። እሳቱ ተንተፋተፈ፤ «ጷ!» ብሎ ጠፋ። ጥርስ ሠሪው የተመታ መስሎት ደረቱን ዳበሰ።

በያጁ መነጽሩን አነሳ። «አባባ! ምን ሆነው ነው? ደሙ ሁሉ ከፊትዎ ሸሽቷል!»

«አትንካት። ወደ ጓሮ፣ በጓሮ በር ውጣ። ጎርሳለች።»

«ማን ናት የጎረሰችው?» አለ በያጁ እየሳቀ። አማቱ ክንዱን ይዞ ወደ ጓሮ ሲጎትተው ግን ሳቁን ተወው።

ብረቱ እስኪበርድ ጓሮ ያለው ግንብ ሥር አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ጥርስ ሠሪው ደውሎለት ሰዓት ሠሪውም እያለከለከ ደረሰ። ከዚያ ጥርስ ሠሪው ሥራውን ራሱ ሊሠራ ገባ። በጎን ቆሞ፣ ከካፖርቱ ኪስ ባወጣት፣ ድድ በሚቀርጽባት ቀጭን መርፌ ቅባቱን ቀስ እያለ ፈልፍሎ አወጣ፤ የጥርስ መስታወቱን አስጠግቶ አየ። ከሥሩ ግራጫ እርሳስ አፍጥጦበታል። ሰዓት ሠሪው ከበሮውን ፈታው፤ አረሩን ከኋላ ገፍተው አወጡት፤ ባሩዱም ጣሳ ክዳን ላይ ፈሰሰ። ጥቁር ነው፣ ደረቅ ነው፣ ትናንት የተሞላ ይመስላል።

«ይሄማ ሞቷል» አለ በያጁ ራሱን ለማጽናናት። ክዳኑን ጓሮ አውጥቶ፣ ረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ እሳት ለኮሰና አስጠጋ። «ቡፍ!» አለ፤ ነጭ ጢስ ከራሳቸው በላይ ወጣ። በያጁ ወገቡን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ጥርስ ሠሪውም ያቺን የለመዳትን ቃል፣ «እንዴት እንደተጠበቀ» የምትለውን፣ አፉ ላይ አምጥቶ መልሶ ዋጣት።

ከሰዓት በኋላ የቀሩትን ስምንቱን አንድ በአንድ አውጥቶ በመስታወቱ መረመራቸው፤ እያንዳንዱን ቀዳዳ ሁለት ሁለት ጊዜ። ባዶ ነበሩ። በመጨረሻ አሮጊቷን ሽጉጥ ገጣጥሞ ከነእጀታዋ ሚዛን ላይ አኖራትና ለሰዓት ሠሪው ደወለ።

«እኩል ናቸው» አለው።

«በግራም እንኳ አትበልጥም?»

«በግራም።»

«አሁንስ ተሸነፍክ?»

ከባሏ ጋር የመጣችው የልጁ ድምፅ ከሳሎን ይሰማል፤ በብየዳ እሳት ስለ ተቃጠለ ሸሚዝ እየተቆጣችው ነው። ጥርስ ሠሪው ጥቂት አዳመጣት።

«ተሸንፌያለሁ» አለ፣ «ተመስገን።»