ወረኢሉ ላይ ያነሳሁት ፎቶ

መጨረሻ አብረን ያደረግነው ተራ ነገር ወረኢሉ ላይ መኪና እየጠበቅን መዞር ነበር። ከዘመድ ሠርግ አድረን ወደ ቤታችን ወደ መካነ ሰላም ልንመለስ ነበር፤ ወይስ የሄድነው ለክርስትና ነው? እሱ ቢኖር እጠይቀው ነበር። ሾፌሩ ከአሥር ሰዓት በፊት አንነሳም አለ። ባለቤቴ ልጃችን ከዐረብ አገር የላከችውን ስልክ አወጣና "በይ ተነሺ፣ አሮጌውን ሰፈር እንየው" አለኝ።

እሱ ሰው አያነሳም፣ በር ነው የሚያነሳ። የተሰነጠቀ በር፣ የዛገ ማጠፊያ። አንዲት አሮጊት ከደጃፋቸው ሆነው አዩት።

"ቤቴን የምታነሳው ልታፈርሱት ነው?"

"ኧረ እናቴ፣ አምሮኝ ነው።"

"እንግዲያው ክረምት ሲገባ ና፣ ውስጡን ታነሳዋለህ። ዝናቡ እንዴት እንደሚገባ ታያለህ።"

እየሳቀ ሄደ። ከአንድ የእንጨት ሰገነት በታች አቆምኩትና ስልኩን ተቀበልኩት።

"የኔን ፊት አልጠገብሽውም?"

"ዝም ብለህ ቁም።"

ኮቱን ቆለፈ። ተጫንኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ቁጭ ባለበት ሞተ። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ተይዞ ይለቀሳል። ልጄ ደውላ "እማ፣ የወረኢሉውን አሳትሙት፣ እኔ ባልደርስም እሱ ይያዝልኝ" አለች። የጎረቤቴ ባል ስልኩን ይዞ ፎቶ ቤት ሄደና ባዶ እጁን ተመለሰ። በበሮቹ ፎቶዎች መሃል የተገኘው የእኔ ፊት ነው፤ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አፌን ከፍቼ።

"አብሽሪ" አለኝ። "ካሜራው ወደ አንቺ ዞሮ ነበር አሉ።"

ያኔ ትዝ አለኝ። ባለቤቴ ስልኩን ከመስጠቱ በፊት መስታወት አድርጎት ጥርሱን ሲያይ ነበር። ግን እኔ አይቼዋለሁ። ኮቱን ሲቆልፍ አይቻለሁ። ፀሐዩ ስልኩ ላይ አርፎ ስለነበር ምናልባት ከስልኩ በላይ አሻግሬ እሱን እያየሁ ነው የተጫንኩት። ምናልባት። ኮቱ ግራጫው ነበር ወይስ ቡናማው፣ ይህንንም አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ለቅሶው ላይ የድሮ መታወቂያው ፎቶ ተስፋፍቶ ተያዘ። ሳላገባው በፊት የነበረ ጎረምሳ ነው። ሰው ሁሉ እሱን እያየ ሲያለቅስ እኔ ለማን እንደምናለቅስ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ነበር።

ልጄ ከአርባው በኋላ ደግማ ጠየቀችኝ። ጠፋ ልላት ነበር፤ አልቻልኩም። የሆነውን ነገርኳት። "እሺ፣ እሱ ያነሳቸውን ላኪልኝ" አለች።

አሁን ከሰዓት በኋላ በሮቹን አንድ በአንድ እልክላታለሁ። ከእያንዳንዱ ሥር እሱ የት ቆሞ እንዳነሳው እጽፋለሁ፤ ያላስታወስኩትን አላስታውስም ብዬ እጽፋለሁ።