ሎሚ ስለ መንጋጋዋ የተሟገተችው ሙግት

ከቴፒ ወጣ ብላ ባለችው የቡና ቀበሌ ስለ ጤና መድን የሚጠይቅ ሰው ከመጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠቁመው የሎሚን ቤት ነበር። መድኑ ቀበሌው በገባ ጊዜ ቀድማ አባል የሆነችው እሷ ናት። ቡና ተለቅሞ ተሸጦ የሰዉ እጅ ረጠብ በሚልበት ሰሞን ከቤት ቤት እየዞረች፣ «ታመን ላም ከምንሸጥ ደህና ሳለን እናዋጣ» እያለች ሴቶቹን ያስመዘገበችውም እሷው ናት። እንዲያም ሆኖ ራሷ ካርዱን ይዛ ሐኪም ቤት ሄዳ አታውቅም።

ልጅነቷን በደህና ነበር ያሳለፈችው። አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ግን የታችኛው መንጋጋዋ ብቻውን እያደገ ወደ ፊትና ወደ ግራ ሄደ። የፊት ጥርሶቿ መገናኘት ተዉ። የማያውቃት ሰው ሁሌም ያኮረፈች ይመስለዋል፤ መንገድ ላይ አስቁመው «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» የሚሏት ነበሩ። ይህን ለምዳዋለች። ያልለመደችው መብላቱን ነው። የሚነካኩት ከኋላ ያሉት መንጋጋ ጥርሶች ብቻ ስለሆኑ ጎደሬውን አፍርጣ፣ ጎመኑን አድቅቃ፣ ገንፎውን አቅጥና ነበር የምትበላው። ሠርግ ቤት ሥጋ ሲቀርብላት በጣቷ በጣጥሳ ሳታላምጥ ትውጣለች። አንዴ አንቋት፣ ሙሽራው ከመቀመጫው ተነሥቶ ጀርባዋን እየደበደበ ነው ያተረፋት።

ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ክፉኛ ከሳች፤ ሕፃኑም ክብደቱ አንሶ ተወለደ። ሚዛን ከተማ ያዩዋት ሐኪም አፏን አስከፍተው ካዩ በኋላ «እስከ ዛሬ እንዴት ኖርሽ?» ብለው ወደ ጅማ ላኳት። ጅማ ያገኘችው የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ፊቷን በጣቱ ዳሰሰ፤ ራጅ አስነሣት፤ አጥንቱን ቆርጦ ወደ ቦታው እንደሚመልሰው አስረዳትና፣ «ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ትበያለሽ» አላት። ስለ መልኳ ምንም አላነሣም። ሎሚ ደስ እያላት ተመለሰች። ቀዶ ሕክምናው ቢያስፈራትም ወጪው አላስጨነቃትም፤ መድን አላት።

መድን ቢሮው ውስጥ የተቀበላት ሐዲስ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ነው። የሐኪሙን ወረቀት ገረፍ አድርጎ አየና መለሰላት።

«እህቴ፣ ይሄ አይሸፈንም።»

«ለምን?»

«የመልክ ማስተካከያ ነው። መድኑ ለውበት አይከፍልም፤ መመሪያው ነው።»

«ወንድሜ፣ ስለ ውበት ማን አወራ? ባል አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። እኔ መብላት ነው ያቃተኝ።»

«እየበላሽ አይደል እንዴ እዚህ የደረስሽው?» አለ ሐዲስ። ክፉ ሊናገራት ፈልጎ አልነበረም፤ ከኋላዋ ያለው ወረፋ ረዝሞበት ነው።

ያቺ ቃል ግን ሎሚን ውስጧ ገብታ አቃጠለቻት። ሞተር ሳይክል እየነዳ ሰው በማመላለስ የሚተዳደረው ባሏ ቲቶ ደጅ ይጠብቃት ነበር። ከኋላው ተፈናጠጠችና ወደ ቤት ሄዱ። ቤት ገብታ ሕፃኑን እያጠባች የሆነውን ነገረችው።

«እግሬ ቢጣመም ኖሮ ይከፍሉ ነበር» አለች። «ፊቴ ላይ ስለሆነ ውበት አሉት።»

«ተይው በቃ። ቤተ ክርስቲያን እንናገርና ወንድሞች ያሰባስቡልን» አላት ቲቶ።

«አልለምንም። ላለመለመን አይደል በየዓመቱ ስከፍል የኖርኩት?»

ከዚያ በኋላ ቢሮው ደጋግማ ተመላለሰች። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሌላ ቀን ሥልጠና ሄደዋል። ጅማ ወርዳ ሐኪሙ ማላመጥ እንደማትችል በማያሻማ ቃል እንዲጽፍላት አድርጋ መጣች። ሐዲስ ወረቀቱን ሳይገልጠው ውሳኔው ያው መሆኑን ነገራት። ሎሚ በጣም ያበገናት መከልከሏ ብቻ አልነበረም። ለመከልከል እንኳ ቀና ብሎ ያያት ሰው አለመኖሩ ነው።

የአባላት ዓመታዊ ስብሰባ ደረሰ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ፤ ሻይና ዳቦ ታደለ። ሰብሳቢው አባላቱ የመረጧቸው አቶ ወልደጻድቅ የሚባሉ ሽማግሌ ቡና ገበሬ ነበሩ፤ ሐዲስም ከቢሮው ተልኮ አጠገባቸው ተቀምጧል። አቶ ወልደጻድቅ እንደ ልማዳቸው ሎሚ ተነሥታ ሰዉ ክፍያውን እንዲያድስ እንድትመክር ጋበዟት።

ሎሚ የደረሳትን ዳቦ እንደያዘች ወደ ፊት ወጣች። አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰችው። ገፋችው፣ ጎተተችው፤ ዳቦው እንዳለ ወጣ። በምራቅ ከመራሱ በቀር አልጎደለም። ለሁሉም እንዲታይ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ይኼ ዳቦ ነው» አለች። «ቢሮው ለውበት ነው የምትታከሚው አለኝ። እናንተን ያስመዘገብኳችሁ እኔ ነኝ። ነገ የእናንተን ሕመም ምን ብለው እንደሚጠሩት አላውቅም። ስለዚህ ዘንድሮ ክፈሉ ለማለት አፌ እሺ አይለኝም።»

አቶ ወልደጻድቅ ወደ ሐዲስ ዞሩ። «ለውበት ነው ያለው ሐኪሙ ነው?»

«ሐኪሙ እንኳ አላለም» አለ ሐዲስ አንገቱን ደፍቶ። «መመሪያው ላይ…»

«እና ማን ነው ያለው?»

አማረች የምትባል የሎሚ ጎረቤት ከመሐል ተነሥታ፣ የሎሚ ጉዳይ ሐኪም ባለበት እንደገና ካልታየ እሷም እንደማታድስ ተናገረች። «እኔም»፣ «እኔም» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። የዚያን ቀን ማንም አልከፈለም። አቶ ወልደጻድቅ በማግስቱ ራሳቸው ሎሚን ይዘው ቢሮው ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆይ ጉዳዩ ለሐኪሞች ቀርቦ ቀዶ ሕክምናውና የአልጋው ወጪ እንዲሸፈን ተወሰነ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጥርሶቿን ለማስተካከል የሚታሰረውን ሽቦ ግን መድኑ አልሸፈነም። ለእሱ ቲቶ ሞተሩን ሸጦ የሰው ሞተር በኪራይ መንዳት ጀመረ። ሎሚ ሽቦውን አድርጋ ከዓመት በላይ ከቆየች በኋላ ጅማ ላይ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። ፊቷ አብጦ፣ መንጋጋዋ ታስሮ፣ ሾርባ በቱቦ እየመጠጠች ሰነበተች። እብጠቱ ጎደለ፤ የከንፈሯ አንዱ ጥግ ግን ደንዝዞ ቀረ። ማሰሪያው ተፈትቶ ሐኪሙ ጠጣር ምግብ ሲፈቅድላት ጓሮዋ የበሰለ ማንጎ ቆርጣ ከነልጣጩ ነከሰችው። ጭማቂው አገጯ ላይ ሲወርድ ትልቁ ልጇ አይቷት ሳቀ፤ እሷ ግን አለቀሰች።

ሰዎች ቢሮውን ሄደሽ አመስግኚ አሏት። ያከማትን ሐኪም አመስግናለች፤ አብረዋት የቆሙትን ጎረቤቶቿን አመስግናለች። ቢሮውን ስለ ምን እንደምታመሰግን አልገባትም። የራሷን ነው የሰጧት፤ እሱንም ታግላ።

በዚያ ሰሞን አማረች ልጇን ይዛ መጣች። እጁን እሳት አቃጥሎት ጣቶቹ ተጣብቀው ድነዋል። በቀዶ ሕክምና ይለያዩ ብትል መድን ቢሮው ጠባሳ ማስተካከል ነው ብሎ መልሷታል። ሎሚ የልጁን እጅ ይዛ አገላብጣ አየች።

«ሰኞ ጠዋት ጠብቂኝ» አለቻት። «አብረን እንገባለን።»