ገንዳ ሙሉ ዱባ

ሰፈሩ «ፍሬን» ይለዋል። አውቶቡስ ሲነዳ ድመት ካየ፣ ቅጠል ካየ፣ አንዳንዴም ምንም ሳያይ ፍሬን ስለሚረግጥ ተሳፋሪው እየተነሳ ጀርባው ላይ ይለጠፍ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ቤቱን አውቶቡስ አደረገው፤ ሚስቱን «ቀስ በይ፣ ኩርባ ነው» እያለ ከጓዳ ወደ ሳሎን ያሳልፋት ጀመር። ሴት ልጁ አልቻለችም። እጁን የሚያፍታታበት ነገር ያግኝ ብላ የአገሪቱ የአትክልተኞች በጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ አስመዘገበችው።

ማኅበሩ ለአዲስ አባል ሁሉ የዱባ ዘር ያድላል። ፍሬን የደረሰውን ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ተከለው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ የእሱ ዱባ ግን ከሁለቱም የተለየ ዓመል አወጣ። ሐረጉ ግድግዳውን ወጥቶ፣ በተሰበረው መስኮት ገብቶ፣ ፍሬውን ገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ አስቀመጠ። ፍሬውም ተመቸውና እዚያው ያብጥ ገባ።

ሚስቱ አውጣልን ብላ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ደግሞ ሰው ቤቱ የመጣ እንግዳ ያባርራል ወይ አላት። ቤተሰቡ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል እያደረገ ገላውን ለመታጠብ አማት ቤት ይመላለስ ጀመር።

የማኅበሩ የዱባ ውድድር ሲደርስ ጉድ ፈላ፤ ዱባው በበሩ አይወጣም። ፍሬን ግድግዳው ይፍረስ አለ። ሚስቱም ከግድግዳው በፊት ትዳሩ እንደሚፈርስ በለሆሳስ ነገረችው። እንግዲያው የውድድሩ ዳኛ ራሱ ይምጣ ተብሎ ተደወለ።

ዳኛው ቦርጩ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። ሜትሩን ይዞ፣ ከገንዳው ጠርዝ በተረፈው ዱባና በግድግዳው መካከል ተሸጎጠ። መለካቱን ለካ፤ መውጣቱ ግን እምቢ አለው። ቢስቡት አልሆነም። ሳሙና ቢያፈሱበት የወጣው ሸሚዙ ብቻ ነው።

«አባባ» አለ ላቡ እየወረደ፣ «ወይ እኔን፣ ወይ ዱባውን ይቁረጡ።»

ፍሬን ትንሽ አሰበ። ማሰቡ ሚስቱን አሳፈራት፤ ቢላዋውን ራሷ አምጥታ አስጨበጠችው። እንባው ዱባው ላይ ጠብ ጠብ እያለ ቆረጠው፤ ዳኛውም ተፈታ።

የተቆረጠ ዱባ አይወዳደርምና ሽልማቱ ቀረ። ዳኛው ግን ሸሚዙ እስኪደርቅ የፍሬንን ካፖርት ደርቦ ተቀመጠና ከቅቅሉ ሁለት ሳህን በላ። ብዙ ዱባ መዝኜአለሁ፣ እንደዚህ የጣፈጠኝ የለም ሲል ፍሬን ፊቱ በራ፤ ለከርሞው ይበልጣል ብሎ ቃል ገባ።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ብድግ አለች። የዱባውን ዘር አንድ ሳታስቀር ለቅማ የእንግዳውን የሱሪ ኪስ ሞላችለት።