«እናትሽ ናት?»

ቶይባ የጨበጠችው እጅ የጀና አልነበረም። ወደ ታች ስታይ ቀይ ቲሸርት የለበሰ የማታውቀው ልጅ አፉን ከፍቶ ዓሣዎቹን ያያል። የልጁ እናት መንጭቃ ወሰደችው። ቶይባ ይቅርታ ለማለት እንኳ አልቆመችም።

«ጀና! ጀና!»

ከትልቁ የዓሣ መስታወት ፊት የቆመው ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ ቀስሯል። ዞሮ ያያት የለም።

ቦታው ዱባይ፣ አንድ ሞል ውስጥ ነው፤ ቀኑ የጉዟቸው አራተኛና የመጨረሻ ቀን። ባሏ ሙሐዲን ጠዋት ከሆቴል ሲወጡ «እዚህ ድረስ መጥተን ሳናይ የምንመለሰው ነገር የለም» ብሎ ነበር። የድሮው ወደብ፣ ጀልባው፣ ሙዚየሙ፣ ከዚያ ሞሉ። የአሥር ዓመቱ ልጃቸው ኢምራን አዲስ ጫማ ተረከዙን ልጦት ያነክሳል። የአራት ዓመቷ ጀና ከቀትር ጀምሮ አልቅሳ፣ ተኝታ፣ ነቅታ እንደገና አልቅሳለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙሐዲን «እኛ ረጅሙ ፎቅ ጫፍ ላይ ወጥተን እንምጣ፣ እናንተ ዓሣ እያያችሁ ጠብቁን» ብሎ ኢምራንን ይዞ ሄደ። የአራቱም ፓስፖርት ወገቡ ላይ በታጠቀው ቦርሳ ውስጥ ነው። የዱባይ ሲም ያላት ቶይባ ብቻ ስለሆነች ደውላ ልታገኘው አትችልም። አውሮፕላኑ የሚነሳው ለምሽቱ አራት ሰዓት ነው።

ጀና ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተገኘች። የጠፉ ልጆች በሚቆዩበት ባለመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። ቶይባ በሩን ገፍታ ልትገባ ስትል ጥቁር አባያ የለበሰች ፖሊስ ክንዷን ዘርግታ አገደቻት።

ቶይባ የገበያ ዓረብኛ ታውቃለች። ከዋጋና ከቀለም ግን አያልፍም። ኮሪደሩን የምትወለውል ሙሉ የምትባል ኢትዮጵያዊት ለማስተርጎም ተጠራች። ፖሊሷ ጥያቄውን ለልጅቷ አደረገችው። ሙሉ ተንበረከከች።

«ሚሚዬ፣ ይቺን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?»

«አዎ። ቶይባ ናት።»

«እናትሽ ናት?»

ጀና ብስኩቷን ዋጠች። «እናቴ አዲሱ ገበያ ናት» አለች።

ሙሉ ቀና ብላ ቶይባን አየቻት።

ቶይባ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ፣ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ጀናን በወለደች በአርባኛው ቀን ሱቅ ገባች። ጠዋት ልጅቷ ሳትነቃ ትወጣለች፤ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ትደርሳለች። ያሳደጓት እዚያው አዲሱ ገበያ አንድ ግቢ የሚኖሩት የሙሐዲን እናት ናቸው። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሙሐዲንም ኢምራንም ራሷ ቶይባም፣ አሮጊቷን «እማ» ይሏቸዋል። ቶይባን ሁሉም ቶይባ ይላታል። ጀና የሰማችውን ያዘች። ጎረቤት ይስቅ ነበር፤ ቶይባም አብራ ትስቅ ነበር።

«ምን አለች?» አለች ፖሊሷ።

ሙሉ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ እናቴ ናት አለች ልበላት?»

ቶይባ ሰዓቱን አየች። «በያት።»

ሙሉም ለፖሊሷ እንደዚያው አለቻት። ፖሊሷ ግን የልጅቷን ፊት ስታይ ነበር። ወደ ጀና ጎንበስ አለችና ቶይባን በጣቷ እያሳየች «ማማ?» ብላ ራሷ ጠየቀች። ጀና ራሷን ወዘወዘች።

ከዚያ በኋላ ሙሉ የምትለውን የሚሰማ አልነበረም። ፖሊሷ ስልክ አነሳች፤ ሌላ ፖሊስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

ቶይባ ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየች። ፖሊሷ በጣቷ እየገፋች አንድ በአንድ አየች። ጀና እማ ጭን ላይ። ጀና እማ ጀርባ ላይ። ጀና የዒድ ልብሷን ለብሳ ከእማ ጋር። እማ ሱቅ ድረስ የላኩላት ናቸው። ቶይባ ያለችበት አንድም የለም። የዛሬዎቹን ደግሞ ያነሳው ሙሐዲን ነው፣ በራሱ ስልክ።

ለእማ በቪዲዮ ደወለች። አሮጊቷ ግንባራቸውን ብቻ እያሳዩ ብቅ አሉ።

«እማ፣ ጀናን አንሰጥም አሉኝ። እናቴ አይደለችም አለች። ይንገሯት!» ፖሊሷ ስልኩን ተቀብላ ለጀና ያዘችላት።

«ወይ ጉድ! አንቺ ጀና፣ እናትሽን ነው የካድሻት?»

«አልካድኩም፤ ቶይባ ናት አልኳቸው።»

«ቶይባ ናታ እናትሽ!»

«እናቴ አንቺ ነሽ። እግሬን አሞኛል። መጥተሽ ውሰጂኝ።»

ፖሊሷ አማርኛው አልገባትም፤ ጀና ስክሪኑን ስትስም ግን አየች። ስልኩን ለቶይባ መለሰችላትና ከመስታወቱ ውጭ ያለ ወንበር አሳየቻት።

ቶይባ ተቀመጠች። ሙሉ መወልወያዋን ይዛ አጠገቧ ቆመች።

«ባልሽ ይመጣል» አለቻት።

«የት እንዳለን አያውቅም።»

«ይጠይቃል። ወንድ ልጅ ሲጨንቀው ይጠይቃል።»

«የኔን ባል አታውቂውም።»

አሥር ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድ ሆነ። ቶይባ ወንበሩን አንዴም አልለቀቀችም። ጀና በመስታወቱ ውስጥ አንዴ እጇን አውለበለበችላት፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ተኛች።

ሙሐዲን የመጣው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ዓሣዎቹ ዘንድ አጥቷቸው ሞሉን ሁለት ጊዜ ዞሮታል፤ በመጨረሻ አንድ ዘበኛ የጠየቀው ኢምራን ነው። ጀና ነቅታ «አባ!» ብላ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ፖሊሷ ፓስፖርቶቹን ዘረጋች። ከጀና ስም ቀጥሎ ሙሐዲን የሚል አገኘች፤ የሙሐዲንን ፎቶና ፊት አስተያየች። የቶይባን ፓስፖርት ገልጣ ዘጋችው። የመረከቢያው ቅጽ አንድ ፊርማ ብቻ ይጠይቃል። ሙሐዲን ፈረመ።

ታክሲ ውስጥ ሙሐዲን «ለመሆኑ እጇን አልያዝሽም ነበር?» አላት።

«ይዤ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ፎቁ ላይ እኮ አቧራ ብቻ ነው የሚታየው» አለ ኢምራን፤ ጫማውን አውልቆ ጭኑ ላይ ይዟል። ቶይባ የጀናን እጅ አንጓው ላይ ይዛለች።

«ቶይባ፣ አሳመምሽኝ» አለች ጀና።

አውሮፕላኑ ሳያመልጣቸው ደረሱ። ከሁለት ወር በኋላ ቶይባ ጀናን እማ ዘንድ ትታ ለሱቋ ዕቃ ልታመጣ ዱባይ ተመልሳ ሄደች፤ ብቻዋን።