የኮርዴል እርሾ

ሴድሪክ ቱኒክሊፍ ሃያ ስድስት ዓመት የነዳውን አውቶቡስ ለሌላ ሰው አስረክቦ ቤቱ ሲቀመጥ ገና የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። ያስቀረችው ልቡ ናት። በጥር ወር አንድ ጠዋት ፌርማታ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ደረቱን ጨመደደውና መሪው ላይ ተደፋ። ሆስፒታል ገብቶ ዳነ፤ ሐኪሞቹ ግን ከእንግዲህ ሰው አሳፍሮ መንገድ እንደማይወጣ ቁርጡን ነገሩት።

ሚስቱ ኤድና ሸክላ ፋብሪካ ውስጥ ሳህን ላይ አበባ ትስላለች። ጠዋት ስትወጣ ምድጃው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ትተወዋለች፤ ማታ ስትመለስም እዚያው ታገኘዋለች። ጋዜጣው አልተገለጠም፣ ሻዩ ላዩ ላይ ቆዳ አውጥቷል። መጀመሪያ አዘነችለት፤ ቀጥሎ ጨነቃት፤ መጋቢት ሲገባ ተናደደች። ለልደቱ ቀን ከፋርማሲ አንድ ካርቶን ይዛ መጣችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ውስጡ በቆርቆሮ የታሸገ የብቅል ወለላ፣ አንድ ፓኮ እርሾ፣ ረጅም የላስቲክ ቱቦና የአጠማመቁን መንገድ የሚያስረዳ ወረቀት አለ። ያኔ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በከተማችን በየሰፈሩ የተያዘ ነገር ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አላት።

«ሥራ ነው» አለችው። «ተነሥ።»

ተነሣ። እሷን ላለማስቀየም ነው እንጂ ወዶ አልነበረም። ባልዲውን በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ፈትጎ አጠበ፣ ወለላውን በሙቅ ውሃ በጠበጠ፣ እርሾውን በተነበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጅነት ጓደኛው ፐርሲ ዌይን መጥቶ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀመሰ። ፐርሲ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በኮርዴል ጠመቃ ቤት በርሜል ሲያንከባልል የኖረ፣ ቢራ የሚያውቅ ሰው ነው። ጎንጨት አለና ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው።

«ሴድሪክ» አለ፣ «ሸሚዜን ብነክርበት ጥሩ አድርጎ ያነጣልኝ ነበር።»

ሴድሪክ ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ጓዳ የነበረችው ኤድና የያዘችውን ማሰሮ ሳታስቀምጥ ቆማ አዳመጠች። ከጥር ወዲህ ይህን ድምፅ ሰምታው አታውቅም።

ሳቁ ሲበርድለት ሴድሪክ፣ ከጠመቅሁ አይቀር የኮርዴልን ጥቁር ቢራ ነው የምጠምቀው አለ። ፐርሲ ይሄኔ መሳቁን ተወ።

ኮርዴል የከተማችን ቢራ ነበር። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ሽታው የዳቦ ቅርፊት የሚመስል፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ ሦስትና አራት ብርጭቆ ቢጠጣበት እግሩን ሳይስት ቤቱ የሚገባበት። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ኩባንያ ጠመቃ ቤቱን ገዛና በዚያው ዓመት ዘጋው። አርባ ሦስት ሠራተኞች ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ መጠጥ ቤቶቹ የሚቀዱት ብርድ ብርድ የሚል፣ አረፋው አፍንጫ የሚወጋ ቢራ ነው፤ ወንዱ ሁሉ እያጉረመረመ ይጠጣዋል።

የጥቁሩን ቢራ አሠራር አሟልተው የሚያውቁት ዋናው ጠማቂ ሚስተር ሃድፊልድ ብቻ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ ማንም አያናግራቸውም። የመዘጋቱን ደብዳቤ በር ላይ ቆመው ለሠራተኛው ያነበቡት እሳቸው ነበሩ። ነገሩን ከወራት በፊት አውቀው ደብቀውናል፣ ለራሳቸው ጥሩ ጡረታ አስከብረው እኛን ሸጡን ተባለ። ፐርሲ መንገድ ላይ ሲያያቸው ተሻግሮ በሌላው ዳር ነው የሚሄደው፤ ሌሎቹም እንደዚያው። ሴድሪክ ግን የጠመቃ ቤት ሰው አልነበረምና ቂም የለውም። ወለላውን ትቶ ብቅል ገዛ፣ በጠርሙስ እየዳመጠ ፈጨው፣ ሆፕ የሚሉትን የቢራ ጌሾ አክሎ እንደገና ጠመቀና አንዱን ጠርሙስ ካፖርቱ ውስጥ ይዞ ወደ ሚስተር ሃድፊልድ ቤት የሚወስደውን ዳገት ወጣ።

ሚስተር ሃድፊልድ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው፣ ቤታቸውም ውስጥ ክራቫት የሚያስሩ ሽማግሌ ናቸው። ሴድሪክ የመጣበትን ነገራቸው።

«አሠራሩን ለማንም እንደማልናገር ፈርሜአለሁ» አሉት።

«እሱስ ገብቶኛል፣ ሚስተር ሃድፊልድ። ቅመሱልኝ ነው እንጂ ንገሩኝ አላልኩም።»

ጠርሙሱን አዩት፤ እሱን አዩት፤ በሩን ከፈት አደረጉለት። ጓዳ ገብተው በንጹሕ ብርጭቆ ቀዱና ሳይጠጡ ለረጅም ጊዜ አሸተቱት።

«የሆነውን ልነግርህ አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ያልሆነውን አትናገር ያለኝ ግን የለም። ይህ ኮርዴል አይደለም። ብቅሉን በፈላ ውሃ አቃጥለኸዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴድሪክ ይጠምቃል፣ ዳገቱን ይወጣል፣ ያልሆነውን ሰምቶ ይመለሳል። የግንቦቱን ከረሜላ ነው አሉት፤ ስኳሩን መጥበሻ ላይ አብዝቶ አጥቁሮት ኖሯል። ቀጥሎ ያመጣላቸውን ጌሾው መርሮበታል አሉ። ከዚያ ያለውን ደግሞ ብርድ መትቶታል ስላሉት፣ የአውቶቡስ ነጂነት ካፖርቱን ከቁም ሣጥን አውጥቶ ባልዲውን ጠቀለለበት። ዳገቱን መጀመሪያ ሦስቴ እያረፈ ነበር የሚወጣው፤ ሐምሌ ላይ ሳያርፍ መውጣት ቻለ። ሽማግሌውም በሩን ከማንኳኳቱ በፊት መክፈት ለመዱ። ከመቅመሱ በኋላ ሻይ ይፈላል፤ ከሻዩ ጋር ብስኩት ይመጣል፤ ስለ ሚስታቸውና ካናዳ ስላለው ልጃቸው ይወራል።

ሰባተኛውን ጠርሙስ ይዞ የሄደ ቀን ሚስተር ሃድፊልድ ጠጡና ብርጭቆውን አስቀምጠው በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

«ይህ ጥሩ ቢራ ነው» አሉ። «ኮርዴል ግን አይደለም፤ አይሆንምም። ከዚህ በኋላ አትልፋ። የጎደለው እርሾው ነው። ከአባቴ ዘመን በፊት ጀምሮ እየተተካካ የመጣ የራሳችን እርሾ ነበር። የመጨረሻው ቀን ቫልቩን ከፍቼ ወደ ፍሳሹ የለቀቅሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲያደርገው አልፈለግሁም።»

ሴድሪክ ማንም ደፍሮ ያላነሣባቸውን ጥያቄ አነሣ፤ እንደሚዘጋ መቼ ነው ያወቁት አላቸው።

«ደብዳቤው ከእጄ የገባው ካነበብኩላቸው ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው።»

«ታዲያ ለምን ይህን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ ሚስተር ሃድፊልድ።

ሴድሪክ ያን ማታ ለእራት ተቀመጠ። የሰማውን ሁሉ ለኤድና ነገራት። ኤድና ስለ ደብዳቤው ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፤ ስለ እርሾው ሲነግራት ግን ሹካዋን አስቀመጠችና፣ ወፍጮ መንገድ የሚኖሩት ሚስስ ክሊውስ ዳቦ የሚጋግሩት በምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። እሱ ከየት ይወቅ። በልጅነቷ፣ አለች፣ ዓርብ ዓርብ የሰፈሩ ሴቶች ማሰሮ ይዘው በጠመቃ ቤቱ የጓሮ በር ይሰለፉ ነበር፤ ለዳቦ የሚሆን እርሾ ይቀዳላቸዋል። ሌሎቹ ከሱቅ መግዛት ሲጀምሩ ሚስስ ክሊውስ ግን እስከ መጨረሻው አልተዉም። ዳቧቸው ዛሬም ድረስ ሽታው የተለየ ነው።

በነጋታው ሴድሪክ ወፍጮ መንገድ ሄደ። ሚስስ ክሊውስ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ይከብዳል፤ ምላሳቸው ግን አልዶለዶመም። ለምን እንደመጣ ሁለት ጊዜ ጮኾ ነገራቸው።

«ለቢራ ነው የምትፈልገው?» አሉት። «አንተ ልበ ድኩም አይደለህም እንዴ?»

«ትንሽ ነው የምጠጣው፣ ሚስስ ክሊውስ።»

«የኤድናም ትዕግሥት ትዕግሥት ነው።»

እየተነጫነጩ ወደ ምድር ቤቱ ይዘውት ወረዱ። የድንጋዩ ወለል ላይ፣ ጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ማሰሮ ተቀምጧል። ጠመቃ ቤቱ ሲዘጋ የመጨረሻውን ማሰሮ ሙሉ ቀድተው ነበርና እስከ ዛሬ ዱቄትና የድንች ውሃ እየመገቡ፣ እየከፈሉ እየጋገሩ አቆይተውታል። ሴድሪክ ጨርቁን ገልጦ ሲያየው ላዩ ላይ አረፋው ትንፋሽ እንዳለው ነገር ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። በቃላት የማይገለጽ ደስታ ተሰማው፤ አሮጊቷን ሊስማቸው ሁሉ ቃጣው። እሳቸው በትንሽ ኩባያ ቀዱለት።

«ከሞተብህ ተመልሰህ ና» አሉ። «የሴት ማሰሮ ባዶውን አትመልሱ ብሎ ለበረኞቹ ያዘዘው ሃድፊልድ ነው። አንድ ሳንቲም አላስከፈለንም። ሰው እንዴት ነው እንዲህ ያለውን ሰው የማያናግረው?»

ሴድሪክ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ በቀጥታ ዳገቱን ወጣ። ሚስተር ሃድፊልድ ክዳኑን አንሥተው አሸተቱና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት። ከዚያ ካፖርታቸውን አንሥተው፣ ወጥ ቤትህ የት ነው አሉት። ስለ አሠራሩ እንጂ እርሾ ስለማጥራት የፈረምኩት ነገር የለም ብለው ነበር መንገድ ላይ።

ቀላል አልሆነም። እርሾው ዳቦ ውስጥ የኖረ ነውና የመጀመሪያው ጥምቅ ኮምጣጣ ወጣ፤ ሁለተኛውም አተላው አልዘቅጥ አለ። ሽማግሌው በየሁለት ቀኑ እየመጡ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ላዩን እየገፈፉ፣ ደህናውን ለይተው በቀዝቃዛ ውሃ እያጠቡ እንደገና ይመግቡታል። ሴድሪክ አጠገባቸው ቆሞ ያቀብላል። ኤድና ከፋብሪካ ስትመለስ ሁለት ወንዶች ወጥ ቤቷን ይዘውባት ታገኛለች። አንድ ቀን ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ሴድሪክ፣ ያን ካርቶን ባታመጪልኝ ኖሮ እዚያ ወንበር ላይ ነበር የምቀረው አላት። ኤድና እጇ ሳሙና ነበር። «አውቃለሁ» አለችውና ግንባሩን በክንዷ ነካ አደረገችው።

ሴድሪክ በዚያው ሳምንት ፐርሲን መናፈሻው አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ስለ ደብዳቤውና ስለ ግማሽ ሰዓቱ ነገረው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ» አለ ፐርሲ።

በመስከረም መጨረሻ እሑድ ቀትር ላይ ስድስት የድሮ የኮርዴል ሰዎች ሴድሪክ ቤት መጡ። ሚስተር ሃድፊልድ ወጥ ቤቱ ጥግ፣ ከሰው ራቅ ብለው ቆመዋል። ሰዎቹ ቆባቸውን በእጃቸው እያዟዟሩ በጨረፍታ ያዩዋቸዋል፤ ሰላም ያላቸው ግን የለም። ሴድሪክ መቅዳት ሲጀምር ሽታው ቤቱን ሞላው። አንዱ ብርጭቆውን አፍንጫው ዘንድ አድርሶ ሳይጠጣ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ፐርሲ የራሱን ብርጭቆ አልነካውም። ይዞት ክፍሉን አቋረጠና ሽማግሌው ፊት ቆመ። በጠመቃ ቤቱ ዘመን አዲስ በርሜል ሲከፈት ከእሳቸው በፊት ማንም አይቀምስም ነበር፤ እሳቸው «ይውጣ» ሳይሉም ቢራው ከግቢ አይወጣም።

«እንዴት ነው፣ ሚስተር ሃድፊልድ?» አለ። «ይውጣ?»

ሚስተር ሃድፊልድ ብርጭቆውን ተቀበሉ። ፐርሲ ከሥር ደገፍ አደረገላቸው። ቀመሱ።

«ድሮ ከምናወጣው ትንሽ ይጠራል» አሉ። «ግን ኮርዴል ነው። ይውጣ፣ ፐርሲ።»

ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም የጠጣው። አንድ በአንድ እየመጡ እጃቸውን ጨበጧቸው። ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም፤ የእኛ አገር ወንድ በዚያ በኩል ሰነፍ ነው። ሲመሽ ግን ማን ሸኝቶ ዳገቱን ያውጣቸው በሚል ክርክር ተነሣ። ስድስቱም ሸኟቸው። ሴድሪክ በር ላይ ቆሞ ድምፃቸው ከዳገቱ ጫፍ እስኪጠፋ ሰማቸው።

ሚስተር ሃድፊልድ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ፤ እሑድ ቀትር ከሴድሪክ ወጥ ቤት ቀርተው አያውቁም። የአሠራሩንም ምስጢር ለማንም ሳይናገሩ ነው የሞቱት። ለሴድሪክ የአውቶቡስ ማደሪያው ውስጥ ቲኬት ክፍል ሥራ ሰጡት፤ ጤናው ጸንቶለት እስከ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ጠመቀ። ቢራውን ሽጦ አያውቅም። ከእያንዳንዱ ጥምቅ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሚስስ ክሊውስ በር ላይ ያስቀምጣል፤ ዓርብ ጠዋት ጠርሙሱ ባዶውን፣ አጠገቡ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጠብቀዋል። እሳቸው ሲሞቱ ማሰሯቸውን ኤድና ወሰደችው፤ ከእሷ ደግሞ እየቀዱ የወሰዱ አሥራ አንድ ቤቶች አሉ።