ክዳኑን የቀደድኩ ቀን

ጃኩዚው ሀርጌሳ የገባው በኮንቴነር ተጭኖ ነው። በጦርነቱ የፈረሰውን የአባቱን ቤት ሊያሠራ ከውጭ አገር የተመለሰው አሠሪዬ፣ ግድግዳው እንኳ ሳያልቅ ገንዳውን ግቢው መሃል አስተከለው። የእናቱን ጉልበት ሙቅ ውሃ ያሽረዋል ተብሎ ነው። 26 ጁን ሰፈር በየደጁ ብሎኬት ተከምሮ፣ ውሃ በቦቴ እየመጣ፣ እኛ ጃኩዚ ነበረን። አልዋሽም፣ እኔም ኮርቼ ነበር።

እንክብካቤው የኔ፣ የሐበሻዋ የቤት ሠራተኛ፣ ሥራ ሆነ፤ ማጣሪያውን ማጠብ፣ ክሎሪን መጨመር፣ ክዳኑን ማንሳትና መግጠም። ክዳኑ ቆዳ በሚመስል ፕላስቲክ የተለበደ ወፍራም ስፖንጅ ነው። እንደመጣ ሰሞን ብቻዬን አነሳው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ግድግዳውን ከሚሠሩት ግንበኞች አራቱን መጥራት ግድ ሆነ። የአሠሪዬ ሚስት "ዕቃ ማለት እንዲህ ነው፣ ከባድ!" ትላለች። ስፖንጅ በራሱ አይከብድም፣ ውሃ ጠጥቶ ነው ብላት አልሰማችኝም። ገንዳው ሲሸትም የክሎሪን ጥራት ነው አለች። ንጹሕ ውሃ እኮ አይሸትም አልኳት።

"አንቺ ደግሞ ይህን የት ተማርሽው?"

የትም አልተማርኩትም። በየቀኑ እጄን እየነከርኩ ነው ያወቅኩት።

አንድ ጠዋት የእናትየው እግር በሽፍታ ተሞላ። ሚስትየው ግቢው መሃል ቆማ፣ ግንበኞቹ እየሰሙ፣ "የዚች እጅ ነው! ቆሻሻ እጇን እየነከረች ነው ያቆሰለቻቸው!" ብላ ጮኸች።

ደሜ ፈላ። ሥራዬን ማጣቱ አልነበረም ያንገበገበኝ፤ ስሜ ነው። በሰው አገር ከስሜ ሌላ ምን አለኝ? ከማጀት ቢላዋ አምጥቼ ያንን ክዳን ከዳር እስከ ዳር ቀደድኩት። ውሃው ተዘረገፈ። ስፖንጁ ሻግቶ ጠቁሯል፤ ግማቱ ግንበኞቹን አፍንጫቸውን አስያዛቸው። ያ ሁሉ ለወራት ገንዳው ውስጥ ሲንጠባጠብ ኖሯል።

"ቆሻሻው ይኸውልሽ! እጄም ይኸውልሽ!" አልኳት። በአማርኛ ቢሆን "አንቱ" ጉሮሮዬ ላይ ይሰነቀር ነበር። እኔ በለመድኩት ሱማሊኛ አንቱ የለም፣ ተመስገን።

ገንዳውን ባዶ አደረግኩት፤ ግንበኞቹም ውሃውን እየቀዱ አዲሱን ግድግዳ አጠጡበት። አሠሪዬ ለምሳ ሲመጣ የተቀደደውን ክዳን አገላብጦ አየና፣ ገንዳውን አጥቤ እንድሞላው ብቻ ነግሮኝ ገባ። ገንዳውን ፍትግ አድርጌ ሳጥብ ዋልኩ። ሚስትየው በኋላ ማጀት ድረስ መጥታ በጆሮዬ "ይቅር በይኝ" አለችኝ።

"ስድቡ በአደባባይ፣ ይቅርታው በማጀት?" ብያት ወጥቼ ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩ።

ቦቴው መጥቶ በር ላይ ጡሩምባውን ይነፋል። ገንዳውን የምሞላበትን ቱቦ አልነካሁም። እናትየው በከዘራ እየተደገፉ ወጡ። "ልጄ፣ ለኔ ስትይ ተዪው። ወላሂ፣ እኔ ልለምንሽ" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

"እማማ፣ እርስዎ አልሰደቡኝም" አልኳቸውና ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ሾፌሩ ልሄድ ነው ብሎ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ሚስትየው ወጣች። አንገቷን ደፍታ፣ "በድዬሻለሁ፤ እጅሽ ንጹሕ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ።

ሰምቻታለሁ። ግን "አልሰማሁም" አልኳት።

ሁለተኛ ስትለው ግንበኞቹም ሰሙ።