ሁለት ምድጃ፣ አንድ ስም

ጎርፉ በኩርሙክ መንገድ ያለችውን አንዲት መንደር ጠራርጎ ሲሄድ፣ የእርዳታ መዝጋቢ ሆኜ የተቀጠርኩት የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ የሆነው ጓደኛዬ ደግሞ በአስተርጓሚነት ተቀጠረ። አሶሳ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የተማርነው። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ የሚያነብልኝ የለም። እሱ አንድ ስንኝ ጽፎ አያውቅም፤ አፉን ሲከፍት ግን ሽማግሌ ሳይቀር ጆሮውን ይዞ ይጠጋል። ይህን ነገሩን ከድሮም አልወድለትም።

ለምዝገባው እንደደረስን ሴቶቹ ከበቡት። በቋንቋቸው ምን ብሎ እንዳጫወታቸው አልገባኝም፤ ቤቷ የፈረሰባት ሴት ስትስቅ ግን አየሁ። ደብተሬን ይዤ ራቅ ካለ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ።

«ልምጣና ላግዝህ?» አለኝ።

«ስም የምጠይቅበት ቋንቋ አላጣሁም። አንተ ወሬህን ቀጥል።»

«እሺ፣ ጌታው ጸሐፊ!»

ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። እኔ ባደግሁበት መንደር አንድ አባወራ ማለት አንድ ቤት ነበር። ስለዚህ የአባወራውን ስም ብቻ እየጠየቅሁ ደረደርኩት። ስንት ጎጆ፣ ስንት ምድጃ እንዳለው ማንንም አልጠየቅሁም።

እህሉ በስንት መከራ መጣ። ድልድዩን ጎርፉ ወስዶታል፤ የጭነት መኪናው ወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ጓደኛዬ ወደ ማዶ ተጣራ። ወንዶቹ ቀርከሃ ቆርጠው እንደ ታንኳ ጠፈሩና፣ ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው፣ ጆንያውን በላዩ እየጫኑ አሻገሩት። እኔም መዳፌ እስኪላጥ ገመድ ጎተትኩ። ሲጨርሱ የመረቁት እሱን ነው። ያኔ እንኳ ልብ ብዬ ነበር።

እህሉን አድለን እንዳበቃን አንዲት እናት ባዶ ማዳበሪያዋን ይዛ ቀረች። ሦስት ልጆች ከኋላዋ ቆመዋል። ዝርዝሩን አየሁ።

«እናቴ፣ ባለቤትዎ ወስደዋል።»

«ወስዷል፣ ለዚያች ሚስት ቤት። እኔ ቤት ሌላ፣ እሳት ሌላ። አንተ ባል ጠየቀ፤ እሳት አልጠየቀም።»

እንደሷ ያሉ ሌሎችም መጥተው ከጎኗ ቆሙ። የመጣልን በዝርዝሬ ልክ ስለሆነ አንድም ትርፍ ጆንያ የለም። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ማዶ ያለው ሹፌር ወንዙ ሳይሞላ ተመለሱ እያለ ጥሩምባውን ይነፋል። ሴቶቹ ባዶ እጃቸውን ቢገቡ ጥፋቱ የእኔ ነው። መንደሩን ለምኖ ሊያስተካክል የሚችለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወዲያው አልጠራሁትም። ልጆቹን እያየሁ የማስበው ዳግም የሚመረቀው እሱ መሆኑን ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ና እስቲ» አልኩት በመጨረሻ።

ሴትዮዋን ሰምቶ ወደኔ ዞረ። «ወላሂ፣ አንተን የሚያስተምርህ ሚስት ማግባት ብቻ ነው!» ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው ተናገረ፤ ቃላቱ አጫጭር ነበሩ። መጀመሪያ የመጣችው የሴትዮዋ ጣውንት ናት። ጆንያዋን ጎትታ አምጥታ ፈታችና፣ ቀና ብላ ሳታያት፣ በጣሳ እየሰፈረች ገለበጠችላት። የሚዋደዱ አይመስሉም። ግን ማዳበሪያው እስኪጋመስ ሰፈረች። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ለሌሎቹ ሴቶች አንድ አንድ ጣሳ አዋጣ።

አብሮን የተሻገረው የእርዳታው አስተባባሪ ደብተሩን አነሳ። «ይሄን ዝርዝር ማን ነው የሠራው?»

«አብረን ነው የሠራነው» አለ ጓደኛዬ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ቢያጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ስለ እሱ ግጥም ብጽፍ ኖሮ ክፉ ክፉውን እጽፍ ነበር።

በማግስቱ ሌላ መንደር ገባን። ዛፍ አልፈለግሁም፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አንተ ጠይቅ፣ እኔ ልጻፍ» አልኩት።

ጠየቀ። የመጀመሪያዋ ሴት የምድጃዋን ቦታ በእጇ አሳየች፤ የራሷን ስም ነገረችኝና ጻፍኩ። ስትነግረኝ ግን የምታየው እሱን ነበር።